መቀመጫውን ከፍ ዝቅ ታደርገዋለህ

በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ሆኖ የኮርስ ብስክሌት ልግዛ ብሎ የተነሣ ሰው አዲስ አበባ ላይ የሚያየው ፍዳ ይሄ ነው አይባልም። ደግሞ እየበዛን ነው። አንዱን ሐኪሙ «ሩጫውን ተው፣ ጉልበትህ አይችልም፤ ብስክሌት ንዳ» ብሎታል። ሌላዋ ስኳሯ ጨምሮ እንቅስቃሴ ታዞላታል። አንዳንዱ ቢንያም ግርማይ በ2024 የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማልያ ሲያጠልቅ አይቶ ልቡ ተነሣስቷል፤ አንዳንዱ ደግሞ በ2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ምድር፣ ኪጋሊ ላይ፣ ሲካሄድ ያንን ሁሉ ዳገት በቴሌቪዥን ተከታትሎ «እኛስ?» ብሏል። (ዓመቶቹን የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በኮሪደር ልማቱ በታደሱት አንዳንድ መንገዶች ዳርም የብስክሌት መስመር ተሰምሯል። የተነሣንበት ምክንያት ለየቅል ነው። የምንማረርበት ነገር ግን አንድ ስለሆነ እስቲ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልናገረው።

ሱቅ ስትገባ ሻጩ የሚነግርህ ሦስት ነገር ነው፤ ማርሹ ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህል ቀላል እንደሆነና «ኦሪጅናል» መሆኑን። ገዝተህ ሰፈር ስትደርስ ጎረቤትም የሚጠይቅህ እነዚህኑ ነው። ሻጭም ሆነ ወዳጅ፣ አንድም ሰው «ቁመትህ ስንት ነው?» ብሎ አይጀምርም። አንተ ደፍረህ «ይሄ ለእኔ ልክ ነው ወይ?» ካልክ መልሱ መርካቶም ቦሌም ያው ነው፤ «ወንድሜ፣ መቀመጫውን ከፍ ዝቅ ታደርገዋለህ።»

አንጀቴን የምታሳርረኝ ይቺ መልስ ናት። 38 ቁጥር ለምታደርግ ሴት 42 ጫማ አውጥቶ «ክሩን ጠበቅ ታደርጊዋለሽ» የሚል ነጋዴ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። በብስክሌት ላይ ሲሆን ግን ማንም ሳያፍር ይለዋል፣ ማንም ሳይቆጣ ይሰማዋል።

መቀመጫ ከፍ ዝቅ ማለቱ የሚያስተካክለው እግርን ብቻ ነው። ወገብ፣ ትከሻ፣ ማጅራትና መዳፍ የሚታዘዙት ከመቀመጫው እስከ መሪው ባለው ርቀት ነው፤ እሱን ደግሞ ፍሬሙ ከፋብሪካ ሲወጣ ወስኖ ጨርሶታል። መሪውን የሚይዘውን አንገት በአጭር ቢቀይሩት 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ይገኝ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ካሳጠሩት መሪው አልረጋ ይላል። በሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ፍሬም የገዛ ሰው ትንሽ እንደነዳ መዳፉ ይደነዝዛል፣ ማጅራቱ ይያዛል፣ ወገቡን ያመዋል። ከዚያ «ብስክሌት ለእኔ አይሆንም» ብሎ በረንዳ ላይ ያቆመዋል። በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳ አቧራ ጠጥተው የቆሙትን የኮርስ ብስክሌቶች ሳይ ሆዴ የሚባባው ለዚህ ነው። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ የሌላ ሰው ልክ ነው የተሸጠላቸው።

የሌላ ሰው ስል በቀጥታ ነው። እኔ በዞርኩባቸው ሱቆች ሁሉ ካየሁት የኮርስ ብስክሌት የሚበዛው ከአውሮፓ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ነው። የመጀመሪያ ባለቤቱ ረጅም ሰው ነበር፤ ስለዚህ የሚደረደረው የፍሬም ቁጥር 56፣ 58፣ አንዳንዴም 60 ነው። እኛ ግን የምንበዛው 50ና 52 ፈላጊዎች ነን፤ ከሴቶቹ 47 የሚያስፈልጋቸው ብዙ ናቸው። ሻጩም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ያለውን መሸጥ ስላለበት ነው መቀመጫው ላይ የሚያላክከው። የእሱ ችግር ይገባኛል፤ ዕቃው በካርቶን ተቀላቅሎ ነው የሚደርሰው፣ መርጦ አላስመጣም። ግን እኔም ለፍቼ ያገኘሁትን ገንዘብ ነው የምሰጠው፤ «ለአንተ ልክ የሚሆን የለኝም» የሚል አንድ ሰው ባገኝ ምን ነበረበት!

ቁጥሩ ራሱም ቢሆን አያድንም። «54 ነው» ይሉሃል። 54 ምኑ? ድሮ አግዳሚው ብረት ከመሬት ጋር ትይዩ በነበረበት ዘመን ከፔዳሉ መዘውር እስከ አግዳሚው ያለው ርዝመት ነበር፤ ያኔም አንዱ ፋብሪካ እስከ ብረቱ መሃል፣ ሌላው እስከ አናቱ ይለካ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ፣ የታይዋኑ ጃይንት አግዳሚው ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ ፍሬም ይዞ ከመጣና ሌሎቹም ከተከተሉት በኋላ፣ ቁጥሩ የሚለካ ነገር መሆኑ ቀርቶ መጠሪያ ብቻ ሆኗል። ዛሬ «54» ተብለው የሚሸጡ ሁለት ብስክሌቶች፣ አንዱ ለውድድር ሌላው ለረጅም ጉዞ የተሠሩ ከሆኑ፣ በፊታቸው ከፍታ 3 ሳንቲሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። ሦስት ሳንቲሜትር የጀማሪን ወገብ ታድናለች፣ ወይም ታጠፋለች። ፋብሪካዎቹ ትክክለኛውን ልኬት፣ ስታክና ሪች የሚሉትን፣ በሰንጠረዥ ያወጡታል፤ አንደኛው ከፔዳሉ መዘውር ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ከዚያው ወደ ፊት፣ እስከ መሪው ቱቦ አናት የሚለካ ነው። ሻጩ ሰንጠረዡን አያውቀውም። የታዋቂ ፋብሪካ ስም በኋላ የተለጠፈበት ፍሬም ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሰንጠረዥ የለውም፤ «ኦሪጅናል ነው» የሚለው መሐላ በጣም የሚበዛውም እንዲህ ያለው ላይ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ለመጀመር የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ሜትርና አንድ ግድግዳ ብቻ መሆኑ ነው። በባዶ እግር ግድግዳ ተደግፎ መቆም፣ ጠንካራ መጽሐፍ ጭን መሃል ሽቅብ አጥብቆ መያዝ፣ ከመጽሐፉ ጠርዝ እስከ ወለሉ መለካት። ቱር ደ ፍራንስን በ1986፣ በ1989 እና በ1990 ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ በሰፊው ያስተዋወቀው ስሌት ይህን ቁጥር በ0.883 ማባዛት ነው፤ የሚገኘው ከፔዳሉ መዘውር እምብርት እስከ መቀመጫው አናት የሚኖረው ርቀት ነው። 80 ሳንቲሜትር የተለካ ሰው መቀመጫው 70.6 ላይ ይሆናል። ስሌቱ ለሁሉም ሰው ፍጹም ነው አልልም፤ ግን መነሻ ነው። ሻጩ ይህቺን ለክቶ መቀመጫውን እዚያ ላይ አድርጎ አንዴ ቢያስቀምጥህ፣ መሪው ሩቅ ይሁን ቅርብ ራስህ ታውቀው ነበር። እንድትሞክረው ደግሞ ቦታ የለም። በገበያተኛና በተሸካሚ መሃል «ሂድና ተመለስ» ይሉሃል፤ ያውም መታወቂያህን አስይዘህ። ሃያ ሜትር ባልሞላ መንገድ ላይ ሕፃንና ጋሪ እየሸሸህ ምኑን ነው የምትሞክረው?

ወደ ማርሹ ልመለስ፤ እሱም ልብ ያወልቃል። «24 ማርሽ ነው» ሲባል ሁሉም ይደነቃል። ቁጥሩ ፊት ያለው 3፣ ኋላ ባለው 8 ተባዝቶ የመጣ ነው፤ ብዙው እርስ በርሱ ይደራረባል። አዲስ አበባ ላይ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ምን ያህል ይቀላል? ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ብትወጣም ብትወርድም ዳገት አለብህ። አሁን የድሮ የውድድር ብስክሌት ስትገዛ ፊት ትንሹ ማርሽ 39 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 23 ጥርስ ሆኖ ታገኘዋለህ። ፔዳሉን አንዴ ሙሉ ስታዞረው ብስክሌቱ 3 ሜትር ከግማሽ ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ፊት 34፣ ኋላ 34 ቢሆን ግን በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ10 ብቻ ይሄዳል። በዳገት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሰው በቀላሉ ማርሽ በደቂቃ 63 ጊዜ ያህል ያዞራል፤ በከባዱ ግን 37 ጊዜ ብቻ፣ እያንዳንዷን ዙር በሙሉ ኃይሉ እየረገጠ። ሐኪሙ ጉልበትህን አድን ብሎ የላከው ሰውዬ ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። ጥርስ መቁጠር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቆጥሮ የሚነግርህ ሻጭ ግን የለም፤ ልቁጠር ብለህ ጎንበስ ስትል ደግሞ «ይሄ ሰውዬ አይገዛም» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ይዞራል።

የባሕር ዳርና የሐዋሳ ወዳጆቻችንም ምክራቸው አይጠቅመንም። «ማርሽ ምን ያደርግልሃል፣ እኛ ያለ ማርሽ ስንነዳ አይደል የኖርነው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሜዳ ላይ ነው ያሉት። ሽሮ ሜዳን ይውጡትና እንነጋገር።

የክብደቱ ነገር ደግሞ አለ። «አንሣው፣ በአንድ ጣትህ አንሣው!» ሳይባል የሚሸጥ የኮርስ ብስክሌት የለም። እሺ፣ አነሣሁት። እኔ 75 ኪሎ ልሁን፤ ብስክሌቱ 10 ወይም 8 ኪሎ ቢሆን ዳገት የምናወጣው በድምሩ 85 ወይም 83 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ከ2.5 በመቶ አይሞላም፤ የዋጋው ልዩነት ግን እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ከ2000 ጀምሮ ባለሙያዎቹ እንኳ ከ6.8 ኪሎ በታች እንዳይነዱ ከልክሏል። እውነቱን ለመናገር ክብደት የሚያስታውቀው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ስትሸከመው ነው፤ እዚያ ላይ 2 ኪሎ 2 ኪሎ ነው፣ አልክድም። ግን ለዚያ ብሎ ያገለገለ ካርቦን መግዛት ያስፈራል። ካርቦን ወድቆ ከውስጥ ተሰንጥቆ ከላይ ቀለሙ ሊያብረቀርቅ ይችላል። መውደቅ አለመውደቁን የሚያውቀው የመጀመሪያው ባለቤት ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ የለም። ብረት ቢሰነጠቅ ዓይንህ ያየዋል፣ ብየዳም በየሰፈሩ አለ። አሉሚኒየምም ጥሩ ነው። ለጀማሪ ይህን የሚነግር ጠፍቶ «ካርቦን ነው» ሲባል ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል።

ጎማ ላይ ደግሞ ያለቀለት ነገር አለ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተሠራ የውድድር ብስክሌት የሚገጠምለት ጎማ ስፋቱ 23 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፍሬሙና ፍሬኑ ከ25 ወይም ከ28 በላይ አያስገቡም። በእኛ ኮብልስቶን፣ በእኛ ጉድጓድ፣ ክዳኑ በጠፋ የፍሳሽ ማስተላለፊያ ላይ ይህን ጎማ ጠንክሮ ካልነፉት ጉድጓድ በነካ ቁጥር ተቆንጥጦ ይበሳል፤ ጠንክሮ ከነፉት ደግሞ ንዝረቱ ጥርስ ያረግፋል። በውጭ አገር ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ወደ 28ና 30 ከሄዱ ቆይተዋል፤ ለረጅም ጉዞ የሚሠሩት አዳዲሶቹ 32ና ከዚያ በላይ ያስገባሉ። እዚህ ግን አሁንም «ቀጭን ጎማ ይሮጣል» እየተባለ ነው የሚሸጠው። ቀጭን ጎማ የሚሮጠው ለስላሳ መንገድ ላይ ነው። ፍሬም ስንት ሚሊ ሜትር ጎማ እንደሚያስገባ ከቀለሙም ከስሙም በላይ የሚያስፈልገን እውቀት ነው፤ ግዢው ላይ ግን ማንም አያነሣውም።

የቁጥሩ ውዥንብር ደግሞ እዚህም አለ። «28»፣ «29»፣ «700» ተብለው የሚጠሩት ጎማዎች የሚለያዩት በስፋታቸው ነው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ዲያሜትሩ አንድ በሆነ ቸርኬ ላይ ነው፤ 622 ሚሊ ሜትር። ጎማው ጎን ላይ «28-622» ተብሎ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ሻጩ ይህን ስለማያነብ «የአንተ 700 ነው፣ ያለኝ 28 ነው» ብሎ ይመልስሃል። አንዱ ደግሞ 26ቱን «ያው ነው» ብሎ ይሰጥሃል፤ ያ 559 ነው፣ ሞተህ ብትገኝ አይገባም።

ነፋስ ለመሙላት ጎሚስታ ስትሄድስ? የኮርስ ጎማ ቫልቭ ቀጭን ነው፣ የጎሚስታው መንፊያ የመኪና ነው፣ አይገናኙም። መፍትሔው የጣት ጫፍ የምታህል የነሐስ ማገናኛ ናት። ብስክሌቱን ያን በሚያህል ዋጋ የሸጠ ሰው ይቺን አብሮ ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል? ጭራሽ አዲሶቹ ውድ ብስክሌቶች ፔዳልም ሳይኖራቸው ነው ከፋብሪካ የሚመጡት፤ ገዢው የራሱን ጫማ የሚቆልፍ ፔዳል ይመርጣል ተብሎ ስለሚታሰብ። ጀማሪው ያን ሁሉ ከፍሎ ፔዳል ፍለጋ ይዞራል።

ፍሬኑን ግን በችኮላ አላልፈውም፤ ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው። አዲሶቹ የኮርስ ብስክሌቶች በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ይዘው መጥተዋል። ቁልቁለት ላይ፣ በክረምት ዝናብ፣ ከእንጦጦ ሲወርዱ ዋጋ አለው፤ አልጠላውም። ነገር ግን ዘይቱ ሁለት ዓይነት ነው። የሺማኖ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው፤ የስራም ደግሞ ዶት በሚባለው፣ ከመኪናው ጋር በሚመሳሰለው። ሰፈር ያለው መካኒክ እጁ ላይ ያለው የመኪና ፍሬን ዘይት ነው። ያንን ሺማኖው ውስጥ ሲጨምረው ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ይበላሻሉ፣ ፍሬኑ መያዝ ይተዋል። መካኒኩ ክፉ አይደለም፤ አንድም ሰው አልነገረውም። ሻጩ አልነገረህም፣ አንተ አልነገርከውም። ይህን በወረቀት ጽፎ ከብስክሌቱ ጋር ማስረከብ ምን ያህል ይከብዳል? እስከዚያው ድረስ በሽቦ የሚሳብ ፍሬን ያለው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሽቦውም ሸራውም ይገኛል፣ የሚጠግነውም አለ።

ማርሹም እንዲሁ ነው። ኋላ 12 ያለው ድንቅ ነው ይባላል። የ12ቱ ካቴና ሲበጠስ ግን አገር ውስጥ ማግኘት መከራ ነው፤ ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ እስኪመጣ ብስክሌቱ ይቆማል። የ8ቱ ካቴና ወፍራም ነው፣ ርካሽ ነው፣ ይገኛል። «8 ብቻ ነው?» ብለው ከንፈር የሚመጡልህ ሰዎች ካቴናው ሲበጠስ አብረውህ አይቆሙም።

ስለ ዋጋው ምን ልበል? ማስታወቂያው ላይ ፎቶ አለ፣ ስልክ አለ፣ ዋጋ የለም፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። በውስጥ መስመር ስትጠይቅ «በጀትህ ስንት ነው?» ይሉሃል። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ ከመቶ ብር አልፏል፤ አዲስ የሚገባ ዕቃ ቢወደድ አይገርመኝም። ከዚያ በፊት ገብቶ መጋዘን የተኛው ያገለገለ ብስክሌት አብሮ ሲሰቀል ግን ይገርመኛል። ጠዋት የተነገረህ ዋጋ ከሰዓት ሌላ ነው። «ሌላ ሰው ቀብድ ሊሰጥበት ነው» የሚለውን ማጣደፊያ የማያውቀው አለ? ልክህን ለመለካት፣ ጥርስ ለመቁጠር የሚያስፈልግህ ጊዜ የሚወሰድብህ በዚች ቃል ነው።

ከሻጩ ስትሸሽ ደግሞ አማካሪ ይቀበልሃል። ብስክሌት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በተገኘችበት በ1956ቱ ሜልቦርን ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመንዳት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች አሉን፤ አከብራቸዋለሁም። ችግሩ እውቀታቸው የተወዳዳሪ መሆኑ ነው። በልጅነታቸው ጀምረዋል፣ ወገባቸው ይታጠፋል፣ ክብደታቸው 60 ኪሎ ነው፣ 39 ጥርስ ይዘው ዳገት ይወጣሉ። «ጀርባህን ዝቅ አድርግ፣ ትለምደዋለህ» ይላሉ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ይለምደዋል። ሃያ ዓመት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው ከመልመዱ በፊት ወገቡ ይያዛል። እኛ የምንፈልገው እሁድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ እስከ ሰንዳፋ ደርሰን በሰላም መመለስ ነው። ለዚህ የሚሆን ብስክሌት ፊቱ ከፍ ያለ፣ ጎማው ሰፋ ያለ፣ ማርሹ የቀለለ ነው፤ ፋብሪካዎቹም ለዚሁ ብለው ለይተው ይሠሩታል። አማካሪዎቻችን ግን «የሽማግሌ» ብለው ያጣጥሉታል፣ እኛም አፍረን የውድድሩን እንገዛለን። ይሄ ማፈር ነው ብዙ ሰው ያስቀረው።

ቤተሰቡ፣ «በዚህ ዕድሜህ ምን ሆነህ ነው?» የሚለው፣ እና የየሕንፃው ጥበቃ፣ «ሳይክል እዚህ አይቆምም» ብሎ የሚያባርርህ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሌላ እሮሮ ስለሆኑ አልገባበትም። መኪና አምስት ሜትር ይዞ የሚቆምበት ግቢ ውስጥ አንድ ብስክሌት ግድግዳ መደገፍ ለምን እንደማይችል ግን አሁንም አልገባኝም።

ከሁላችንም የባሰባቸው ሴቶቹ ናቸው። መንገድ ላይ የሚወረወርባቸውን ቃል ተዉት፤ ገና ሱቅ ውስጥ ነው የሚጀምረው። ሻጩ ወደ እሷ ሳይሆን አብሯት ወደ መጣው ወንድሟ ዞሮ ነው የሚያወራው። «ለእሷ የሚሆን» ሲባል ቅርጫት ያለው የገበያ ብስክሌት ነው የሚያወጣላት፣ ወይም የልጆች። የኮርስ ነው የምፈልገው ስትል 54 አውጥቶ ያቺኑ የፈረደባትን መልስ ይሰጣታል። እግሯ መሬት አይነካም፣ ጣቶቿ ፍሬኑ ላይ አይደርሱም። አብዛኛው የዘመኑ የፍሬን ማንሻ ወደ መሪው የሚያቀርበው ትንሽ ብሎን አለው፤ በመፍቻ ሁለት ዙር ነው። ይህን የሚያውቅ ሻጭ አላየሁም፤ ወይም አያውቅም፣ ወይም ለእሷ ብሎ መፍቻ ማንሣት ከብዶታል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሐኪም አዝዟት ካለፈው ክረምት ጀምሮ እየፈለገች ነው። ሁለት ጊዜ አጅቤያት ዞሬያለሁ፤ በሄድንበት ሁሉ አንድም ሰው አልለካትም፣ ስለዚህ ቤት ሄደን እኛው ለካን። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58፣ የውስጥ እግሯ 73 ሳንቲሜትር፣ መቀመጫዋ 64 ከግማሽ ላይ የሚሆን፤ የምትፈልገው ፍሬሙ 47 ወይም በሌላው አጠራር ኤክስ ኤስ የሆነ፤ ቢያንስ 28፣ ቢገኝ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ፤ ፊት 34 ጥርስ፣ ኋላ ከ32 የማያንስ፤ ፍሬኑ የሽቦ። ቀለሙ የፈለገው ይሁን። ያለው ሻጭ ካለ ዋጋውን በግልጽ ይናገር፣ ሜትርም ይዞ ይምጣ፤ ሳትለካና ሳትነዳው ብር አትቆጥርም።